ውሃ ጥሜን ይዤ ደብረ ብርሃን ደርሼ መጣሁ

ከተመለስኩ ወዲህ ያየኝ ሰው ሁሉ «ምን አሉዎት?» ይለኛል። ለአንዱ ነግሬ ሳልጨርስ ሌላው ይደርስና ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ ይላል። ከራቤል ወዲያ ተሻግረው የማያውቁ ሽማግሌዎች ደግሞ ሕመሙን ትተው መንገዱን፣ ማደሪያውን፣ የበላነውን ሳይቀር ያወጣጡኛል። አፌ ደከመ። አንድ ጊዜ ልጻፈውና ማንበብ የሚችል ያንብብላቸው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እኔ በግሼ፣ ከራቤል ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ደብር የማገለግል ቄስ ነኝ። አስራት እባላለሁ፤ ሰው መምሬ ይለኛል። ካቻምና ክረምቱ ሲወጣ ውሃ ውሃ ይለኝ ጀመር። መጀመሪያ ጨው የበዛበት ወጥ የበላሁ መሰለኝ። ጠጣሁ፤ አልቆረጠልኝም። ደግሜ ጠጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሳልነሳ ያነጋሁበት ቀን የለም፤ እጠጣለሁ፣ ደጅ እወጣለሁ፣ ተመልሼ እጠጣለሁ። የጠጣሁት ሁሉ መልኩን እንኳ ሳይለውጥ ይወጣል። ጤና ጣቢያ ደሜን አይተው ስኳር የለብዎትም አሉኝ። አንዱ ባለሙያ «ልማድ ሆኖብዎት ነው፤ ይቀንሱ» አለኝ። ጎረቤት ዓይን ነው አለ። ጸበል ጠጣ ያሉኝም ነበሩ፤ ከእኔ የበለጠ ጸበል የጠጣ ሰው በአገሩ ያለ አይመስለኝም።

ይህ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። የሚቀድስ ካህን ግን ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ በአፉ አይዞርም። እኔ ደግሞ አንዲት ዳዊት ደግሜ እስክጨርስ እንኳ መታገስ አቃተኝ። ስለዚህ ከመቅደስ ወጣሁ። በደብራችን ከእኔ ሌላ ያሉት ቄስ ያስተማሩኝ የኔታ ወልደ ሰንበት ብቻ ናቸው፤ ለቅዳሴ ደግሞ ሁለት ቄስ ያስፈልጋል። ከጎረቤት ደብር ሰው ተለምኖ ካልመጣ ቅዳሴው ይታጎላል። እሑድ ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ መጥቶ፣ ቅዳሴ ሳይሰማ ሲመለስ ቅጥሩ ሥር ተቀምጬ አያለሁ። «መምሬ ምን አድርጎ ይሆን?» የሚል ሹክሹክታም ጆሮዬ ገብቷል።

የቆረጠችው ሚስቴ በላይነሽ ናት። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ገብሱ ገና ሳይታጨድ፣ «ገብሱን ወንድሜ ያየዋል። እርስዎ ይነሱ፤ ደብረ ብርሃን እንሄዳለን» አለችኝ።

ሰኞ

ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ውርጩ ሣሩን አንጥፎት ስለነበር ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። በላይነሽ በሶና ቆሎ በቋጠሮ ይዛለች፤ እኔ በርኖሴን ደርቤ ቢጫ ጀሪካን ተሸክሜአለሁ። ለመንገደኛ ስንቁ ምግቡ ነው፤ የእኔ ስንቅ ውሃ ሆነ። እስከ ራቤል ድረስ ግን ጀሪካኑን አልነካሁትም። በየወንዙ እየተጎነበስኩ ነው የጠጣሁት። በእኛ አገር ሌላው ቢቸግር ውሃ አይቸግርም፤ ይህን ያወቅሁት ከአገሬ ስወጣ ነው።

ራቤል አውቶብስ ተራ ስንደርስ ረዳቱ፣ ጢሙ የጎፈረ ጎልማሳ፣ ጀሪካኑን ያዘብኝ።

«መምሬ፣ ይሄ ጣራ ላይ ይጫናል።»

«እንግዲያው እኔንም አብረህ ጫነኝ» አልኩት።

ሳቀና አስገባኝ። ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ግን ሳቁ አልቆየም። ትንሽ እንደሄድን «ልጄ፣ አቁምልኝ» አልኩ። ቆመ። ደግሞ አቁምልኝ አልኩ። በሦስተኛው ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣ «መምሬ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ በእግር የሄደው ይቀድመናል» አለኝ። ከኋላ አንዲት ነጋዴ ሴት፣ «ይቁምላቸው እንጂ! ሽማግሌ አይደሉም እንዴ?» ብላ ተቆጣችልኝ። ደግ ሰው ናት፤ ግን ገና ጎልማሳ ነኝና ንግግሯ ከሹፌሩ ይልቅ አመመኝ። እጄን አየሁት። ቆዳው ደርቆ ተሸብሽቧል። ሳልተኛ የከረምኩበት ጊዜ ፊቴ ላይ ሳይቀመጥ አልቀረም።

መሐል ሜዳ በመሸ ጊዜ ገባን። ብርዱ የእኛው ብርድ ነው፤ ልዩነቱ እኛ ዘንድ ሰው በጊዜ እቤቱ ይከተታል፤ እዚያ መንገዱ ላይ መብራት ስላለ በብርድ ቆሞ ያወራል። ያረፍነው ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ ባልቴት ቤት ነው። ሽሮ በትኩስ እንጀራ አቀረቡልን። አንድ ማሰሮ ውሃ ከእንጀራው በፊት ስጨርስ አዩ። ሌላ አመጡ፤ እሱንም ጨረስኩ። መሶቡን ወደ ጎን ገፍተው ተቀመጡ።

«ወንድሜም እንዲህ ሲጠጣ ነው የሄደብኝ» አሉ። «ስኳር ነበር። ሳናውቅለት ቀረን።»

«ተመርምሬአለሁ፤ ስኳር አይደለም አሉኝ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እሱን ፍለጋ ነው የወጣሁት፣ እትዬ።»

የሰጡንን ክፍል ለውጠው ለሽንት ቤቱ የቀረበውን፣ የራሳቸው መኝታ የነበረውን ለቀቁልን። እርሳቸው ወደ ውስጥ ገብተው ከሠራተኛቸው ጋር አደሩ። ባልዲም አምጥተው በሩ ሥር አኖሩ፤ «በዚህ ውርጭ ደጅ አይውጡ፤ እኔ ጠዋት እደፋዋለሁ» አሉኝ። በላይነሽ እንዴት ተደርጎ ብላ ተከራከረች። አልሰሟትም። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያሰበልኝ የሌላ ቤት ሰው ትዝ አይለኝም።

ማክሰኞ

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጀሪካኑን ራሳቸው ሞልተው፣ ክዳኑን በላስቲክ አጥብቀው ሰጡን። አውቶብሱ ትናንት ከመጣንበት ያረጀ ነው። ሞላሌን አልፈን አንድ ዳገት እያጋመስን ሳለ ከፊት በኩል ነጭ እንፋሎት ተነሳ። ሹፌሩ ቆመ፤ ወረደ፤ ክዳኑን ከፈተና ወደ ኋላ ዘለለ።

«ራዲያተሩ ፈልቷል» አለ። «ውሃ ያለው ሰው!»

በአካባቢው ወንዝ የለም። ሰው ሁሉ ዞሮ በጉልበቶቼ መካከል የያዝኩትን ጀሪካን አየ።

«አይሆንም» አለች በላይነሽ።

«እናቴ፣ ውሃ አይደለም እንዴ?» አለ ሹፌሩ።

«ለእናንተ ውሃ ነው።»

ፊቷ ቀልቶ ነበር። እኔም ክዳኑ ላይ እጄን ጭኜ ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ጀሪካን እንደ ልጅ ነው ያቀፍኩት። ግን መኪናው ካልተነሳ እኔም እዚያው ዳገት ላይ መቅረቴ ነው። አንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድተን አስቀረንና ሌላውን ሰጠሁት። ራዲያተሩ ጎርጎር እያለ ሲውጠው አየሁ። እንደኔ ነው አልኩ በልቤ።

ሞተሩ ቶሎ አልተነሳም። ጠርሙሷ አለቀች። ጥሙ ሲመጣ እንዴት እንደሆነ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። መጀመሪያ ምራቅ ይደርቃል። ከዚያ ምላስ የሌላ ሰው ይመስላል። ከዚያ ሐሳብ ይጠፋል፤ ሰው ሲያናግርህ ከንፈሩን እንጂ ቃሉን አትሰማም። መንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ ራሴን በበርኖሱ ሸፈንኩ። በላይነሽ ከዚህ በላይ አልቻለችም፤ ተነስታ ለመንገደኛው ሁሉ ነገረችው።

«ባሌ ታሟል። ውሃ ካጣ ይወድቃል። የሰጣችሁ የራሱን መዳኛ ነው።»

የዚህኛው አውቶብስ ረዳት ባዶውን ጀሪካን ነጥቆኝ ዳገቱን በሩጫ ወጣ። ከላይ ከጉብታው አንዲት ቤት ነበረች። ሲመለስ ብቻውን አልነበረም፤ አንዲት ሴት በቅል ሙሉ አጓት ይዛ ከፊቱ ትመጣለች። «ውሃው እስኪቀዳ ይሄን ይበሉ፣ አባቴ» አለችኝ። አጓት ይጠጣል እንጂ አይበላም፤ በችኮላ ያመለጣት ቃል ነው። ቅሉን ሳልመልስ አልቀረሁም፤ ግን አመሰግናለሁ ያልኩ አይመስለኝም። አሁን እላለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሹፌሩ ምንጭ ባየ ቁጥር ሳልጠይቀው ይቆማል። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ ገደሉን ሞልቶት ነበር፤ ሰው በመስኮት እያየ ሲደነቅ እኔ እንቅልፍ ይዞኝ ነበርና ስለዚያ የምነግራችሁ የለኝም።

ደብረ ብርሃን ማታ ገብተን በሆስፒታሉ አቅራቢያ አልጋ ያዝን። የግቢው ቧንቧ ግን የዚያን ቀን ውሃ አልነበረውም። ፎቅ በፎቅ ላይ የተሠራበት ከተማ፣ መንገዱ እንደ ቀን የበራ፣ ቧንቧው ሲከፈት አየር ብቻ ያፏጫል። በላይነሽ ጀሪካኑን አንጠልጥላ የማታውቀውን ሰው በር ስታንኳኳ አመሸች።

ረቡዕ

ሆስፒታሉ በር ላይ የተሰለፈው ሰው የደብራችንን ንግሥ ያህላል። ተራችን የደረሰው ከቀትር በኋላ ነው። ያየችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ የበኩር ልጄ ብትሆን ነው። ስኳር እንደገና አየች፤ የለም። ኩላሊቴን አየች፤ ደህና ነው። እንደ ሌሎቹ ወረቀት ጽፋ የምታሰናብተኝ መስሎኝ በርኖሴን መሰብሰብ ስጀምር፣

«አባቴ፣ ራስዎን ተመትተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

የለም ልል ነበር። በላይነሽ ቀደመችኝ። «በቅሎ ጥሎታል። ለቀብር ሲሄድ፣ ቁልቁለቱ ላይ። ደሙ በጆሮው ወጥቶ ነበር።»

«መቼ ነው?»

እርስ በርስ ተያየን። ጥሙ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ቁስሉ ስለዳነ ረስቼው ነበር፤ ሰው የዳነ ነገር አይቆጥርም።

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኛ ሳበች። ከአንጎል ሥር ያለች ትንሽ እጢ ለኩላሊት «ውሃውን አትልቀቅ፣ መልስ» የሚል መልእክት እንደምትልክ፣ ያቺ እጢ ተጎድታ ከሆነ መልእክቱ እንደሚቀር፣ ኩላሊቱም ያገኘውን ሁሉ እንደሚለቅ ነገረችን። ይህ መሆኑን ለማወቅ ግን ነገ ተኝቼ፣ ዓይናቸው እያየኝ፣ ውሃ ሳልጠጣ መቆየት አለብኝ።

«እስከ መቼ?» አልኩ።

«እስኪታወቅ። አብሬዎት ነኝ።»

ጭንቅላቴንም በማሽን አነሱት፤ የበቀለ እብጠት የለም አሉ። ማታ በላይነሽ ፉል የሚሉት የባቄላ ወጥ በዳቦ ገዝታ መጣች። ባቄላን እኛ ዘንድ ቆሎም ሽሮም አድርገን እንበላለን፤ እንዲህ ተደፍጥጦ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ጣፈጠን አልጣፈጠንም አላልንም። ነገን እያሰብን ነበር።

ሐሙስ

ጠዋት መዘኑኝና አልጋ ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ በየሰዓቱ ይመዝኑኛል፣ ሽንቴን ይለካሉ፣ ደሜን ይወስዳሉ። የእጅ መታጠቢያው ካለበት በኩል አንድ ነርስ ወንበር ይዞ ተቀመጠ። እንዳልጠጣ የሚጠብቀኝ ነው። አልተቀየምኩትም።

ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም የለመድኩ ሰው ነኝ። ሰሙነ ሕማማትን ቁሜ ያሳለፍኩ ነኝ። ከዚያ ሁሉ ጥንካሬ ግን በዚያች አልጋ ላይ ምንም አልቀረልኝም። ዳዊት ልደግም ሞከርኩ፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ደረቀ። ረፋዱ ላይ ጽዳት የምትሠራ ሴት የወለል መጥረጊያ ባልዲዋን ከአልጋዬ አጠገብ አኑራ ዘወር አለች። ውሃው ጥቁር ነው። አየሁት። ደጋግሜ አየሁት። በላይነሽ ቀስ ብላ ተነሳችና ባልዲውን በእግሯ ወደ ኮሪደሩ ገፋችው። ተመልሳ አጠገቤ ስትቀመጥ አላየችኝም፤ እኔም አላየኋትም።

ሐኪሟ ስትገባ የመጨረሻውን ውጤት ይዛ ነበር። ክብደቴ ወርዷል፤ ደሜ ወፍሯል፤ ሽንቴ ግን አሁንም እንደ ምንጭ ውሃ ነው።

«በቃ፤ ይጠጡ» አለች።

ነርሱ ራሱ ሮጦ አመጣልኝ። ስጠጣ ቆማ ጠበቀችኝና፣ «አባቴ፣ ይሄ ልማድ አይደለም» አለች። «ፈልገው የሚያደርጉት ነገር አይደለም። ሰውነትዎ ውሃ መያዝ አቅቶት ነው። ባይጠጡ ኖሮ ይሞቱ ነበር።»

በላይነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ይህን ሁሉ ጊዜ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። እኔ ደግሞ የተሰማኝን ብናገር ደስታ አይደለም። ድካም ነው። ከባድ ሸክም ይዞ የቆየ ሰው ሲያወርደው የሚሰማው ዓይነት ድካም። እዚያው ተቀምጬ አንቀላፋሁ።

ዓርብ

መድኃኒቱ በከተማው አልተገኘም። ሐኪሟ አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዋ ደውላ ነበርና በሚኒባስ ሹፌር እጅ፣ በበረዶ ተጠቅልሎ መጣ። ትንሽ ብልቃጥ ነው። በአፍንጫዬ ጠብ አደረገችልኝ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለዚህች ጠብታ ነው እንዴ? አልኩ።

ከቀትር በኋላ በላይነሽ፣ «አልተነሱም እኮ» አለችኝ።

«ከምን?»

«ደጅ አልወጡም። ውሃም አላሉ።»

እውነቷን ነው። ሳላውቀው ቀርቻለሁ።

ስታሰናብተን ሐኪሟ መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ ሊሆን እንደሚችል፣ ካለቀ ጥሙ እንደሚመለስ፣ ከጠብታው በኋላ ደግሞ እንደ ድሮው ያለ ልክ መጠጣት አደጋ እንዳለው አስረዳችን። ጠብታው ማታ ከገባ እስከ ጠዋት እንደሚያቆየኝም ነገረችኝ። በመጨረሻ፣

«ቤታችሁ ፍሪጅ አለ?» አለች። «ቀዝቃዛ ቦታ ነው የሚቀመጠው።»

«ቤታችን ራሱ ፍሪጅ ነው» አለች በላይነሽ።

ሐኪሟ ሳቀች፤ ቀጥላ ግን ብርዱ በረዶ ካደረገውም ይበላሻል አለችን። አሁን በትንሽ እንስራ ውስጥ ሆኖ ጭድ ተደርጎበት ጎታው ሥር ተቀምጧል።

ቅዳሜና እሑድ

መመለሻው እንደ መሄጃው አልረዘመብኝም። አውቶብሱ የቆመው ሌላው ሰው ሲፈልግ ብቻ ነው። መሐል ሜዳ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዘንድ አደርን። ስሙን ለመጥራት የሚያስቸግር በሽታ መሆኑን፣ መድኃኒትም እንዳለው ነገርኳቸው። «እንኳን ለእርስዎ አወቁልዎት» አሉና ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዞሩ። ወንድማቸውን እያሰቡ እንደነበር ገብቶኛል።

እሑድ ማታ ቤታችን ስንደርስ ገብሱ ታጭዶ፣ ተከምሮ አገኘነው።

ከተመለስኩ በኋላ

በማግስቱ የኔታ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጠብታው ከእኩለ ሌሊት በፊት የሚገባ ቢሆንም ለቅዳሴ ይከለክል እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«በእኔ ልብ አይከለክልም» አሉኝ። «ግን ብቻዬን አልፈርድም፤ ትልልቆቹን ልጠይቅልህ።»

በሽምግልና ጉልበታቸው በትር ይዘው ራቤል ድረስ ሄዱልኝ። መልሱን ይዘው ሲመጡ ከደጄ እንኳ ሳይገቡ ከአጥሩ ላይ ሆነው፣ «ለኅዳር ሚካኤል ተዘጋጅ» አሉኝ።

መድኃኒቱ እንደ ልብ አይገኝም። አንዴ ዘግይቶብኝ ጥሙ ተመልሶ ሳምንቱን አንገላቶኛል፤ ነገም የሚሆነውን አላውቅም። ለኅዳር ሚካኤል ግን ነበረኝ። ማታ ጠብ አድርጌ ተኛሁ፤ በሌሊቱ ተነስቼ ገባሁ፤ ከየኔታ ጋር ቀደስን። ድምፄ አንድ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ከበሽታው አልነበረም። ሕዝቡ ቆረበ፤ እኛም ቆረብን። ካበቃ በኋላ እንደ ሥርዓቱ ማየ መቁረር፣ ከቁርባን በኋላ የሚጠጣው ውሃ፣ መጣ። የኔታ በእጃቸው ቀድተው ሰጡኝ። ጠጣሁ። ታሪኬን ያውቃሉና ጽዋውን ደግመው አዘንብለው፣

«ልጨምርልህ?» አሉኝ በዝግታ።

«ይበቃኛል፣ የኔታ።»

ትንሽ አዩኝና ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ።